አንዲት ጠብታ ብትገባ

ይገዙ አንዲት ተጎታች ቤት በጓደኛው በአምባቸው ፒክአፕ አስጎትቶ አትላንታ ዳር ዱሉዝ ካለው ቤቱ ድራይቭዌይ ላይ ሲያቆማት፣ ሚስቱ የሺእመቤት ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። አንዱን አውልቃ ሌላውን ሳታወልቅ ወጣች። ተጎታችዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ከዚያ ባሏን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«ካምፐር ናት።»

«እሱንማ አያለሁ። እዚህ ምን ትሠራለች?»

ሰውየው መልሱን መንገዱን ሙሉ ሲያጠናው ነበር የመጣው። ዱሉዝ እስኪገባ ድረስ በቃሉ ይወጣው ነበር፤ አሁን ግን አንዲት ቃል አልተረፈችውም። ይገዙ እንዲህ ነው። ፎርክሊፍት ላይ ተቀምጦ የመጋዘን ዕቃ ሲደረድር ቢውል አንድ ካርቶን አይዛነፍበትም፤ ሚስቱ ፊት ሲቆም ግን ሦስት ቃል መደርደር ያቅተዋል።

«ሸራ አይደለችም» አለ በመጨረሻ። «ነይ ንኪያት። ጠንካራ ናት።»

የሺእመቤት አልነካቻትም። አንድ እግሯ በካልሲ እንደሆነ ተመልሳ ገባች። አምባቸውም የቤተሰብ ነገር መሆኑ ስለገባው ፒክአፑን ፈትቶ፣ «በሉ ጋሼ፣ እግዜር ይርዳዎት» ብሎ ሄደ።

የሸራው ነገር እንዲህ ነው። የሺእመቤት በልጅነቷ ተሰዳ ሱዳን ውስጥ በስደተኞች ካምፕ ኖራለች። ልጇን ሄርሜላን የወለደቻት እዚያ ነው። ይገዙ የሰሊጥ አረም ሥራ ፍለጋ ርቆ በሄደበት ክረምት፣ የሚኖሩበት ድንኳን ያፈስ ጀመር፤ አንድ ሌሊት ወለሉ ጎርፍ ሆነ። ቁጭ የሚሉበት ደረቅ ቦታ ጠፋ። የሺ አራስ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ እስኪነጋ ቆማ አደረች። በነጋታው ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ «እግዚአብሔር ከዚህ ያውጣኝ እንጂ ሁለተኛ ሸራ ሥር አልተኛም» ብላ ማለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እግዚአብሔርም አወጣት፤ እሷም ቃሏን ጠበቀች። አትላንታ ከገባች ወዲህ የሰርግ ድንኳን ውስጥ እንኳ ስትቀመጥ ጠርዙን ይዛ፣ ዓይኗን ጣራው ላይ ተክላ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ማንንም ባልጎዳ። ችግሩ ሄርሜላ ናት። ያቺ እናቷ ቆማ ያደረችላት ጨቅላ አድጋ፣ ተምራ፣ አግብታ፣ ወልዳ፣ በዓለም ላይ ካለው መዝናኛ ሁሉ ድንኳን ወደደች። በየዓመቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከባሏና ከልጇ ከሕይወት ጋር ወደ ሰሜን ጆርጂያ ትወጣና ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክላ ትሰነብታለች። የሺእመቤት ይህን ስትሰማ ጭንቅላቷን ትይዛለች። «እኔ እሷን ከሸራ ላወጣ ስንት አገር አቋረጥኩ፣ እሷ ገንዘቧን ከፍላ ትመለስበታለች!» ትላለች። ኑ ብለው ሲጠሯት ሥራ አለብኝ ነው፣ ወገቤን አሞኛል ነው፣ ጾም ነው። የድንኳኑን ታሪክ ለልጇ ነግራት አታውቅም። ተርፈው የወጡበትን መከራ ለልጅ ማውረስ ምን ይባላል ባይ ናት።

ታዲያ አምና ሄርሜላ ከሐይቁ እንደተመለሰች ለአባቷ ደወለች።

«አባዬ፣ ሕይወት ምን ብላ እንደጠየቀችኝ ታውቃለህ? ‹አያቴ ቤቷ ስንሄድ ትስመኛለች፣ ሐይቁ ጋ ግን ለምን አትመጣም? ከኛ ጋር መተኛት ያስጠላታል?› አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? አይ ሚን፣ እኔም አላውቅም እኮ!»

ይገዙ ያን ቀን ራቱን አልበላም። ለሚስቱም አልነገራትም። ቢነግራት ታለቅሳለች፤ ማልቀሷ ደግሞ መሐላውን አይፈታውም። ስለዚህ ጣሪያ ያለው፣ ግድግዳ ያለው፣ ሸራ ያልሆነ ነገር መፈለግ ጀመረ።

ያገኛት ብሩክሄቨን ውስጥ፣ አንዲት ባሏ የሞተባት አሮጊት ጓሮ፣ የጥድ ዛፍ ሥር ነው። ፋይበርግላስ ናት፤ አንዱ ቅርፊት ከላይ፣ አንዱ ቅርፊት ከታች ሆኖ ወገቧ ላይ የተገጠመች፣ ለሁለት ተሰንጥቆ መልሶ የተጣበቀ እንቁላል የምትመስል። ጣሪያዋ ላይ አረንጓዴ ሽበት በቅሏል። ውስጧ ደግሞ ሸረሪት ቤተሰብ መሥርቶ፣ ልጅ ድሮ፣ የልጅ ልጅ አይቷል። አሮጊቷ ከጓሮዬ አንሳልኝ እንጂ ገንዘቡስ ግድ የለኝም አለች። ይገዙም ለምስጋና ያህል የምትሆን ከፍሎ ወሰዳት።

በዚያው ምሽት የሺእመቤት ራት አቅርባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ስማኝ ይገዙ። ጎተራህን መሥራት ከፈለግክ ሥራ፤ አልከለክልህም። ስትጨርስ እኔ ውስጧ እቀመጣለሁ፤ አንተ ከላይ በቱቦ ውሃ ልቀቅባት። ካላፈሰሰች እሄዳለሁ። አንዲት ጠብታ ብትገባ ግን አልሄድም። ዳግመኛም የሐይቅ ነገር እንዳታነሳብኝ።»

«እሺ» አለ ይገዙ። ሌላ ምን ይበል?

አምባቸው ቻምብሊ፣ ቢውፎርድ ሃይዌይ ላይ የተጋጨ መኪና በሚጠግን ቦዲ ሾፕ የሚሠራ፣ ከይገዙ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም፣ ሳቁ ከመኪና ጡሩንባ የሚበልጥ ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እየመጣ ያግዘው ጀመር። ክፍያ ቢጠራበት ይቆጣል፤ የየሺን ምሳ ግን ጥሎ አይሄድም።

መጀመሪያ ሸረሪቶቹን በይቅርታ አስወጡ። የበሰበሰውን ወለል ነቅለው ሌላ ጣውላ ገጠሙ። ስንጥቁን በፋይበር ጨርቅና ሬዚን በሚሉት ሙጫ ጠገኑት፤ ከላዩ ስቱኮ ቀቡና በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉት። መስኮቶቹን አንድ በአንድ አውጥተው ያረጀውን ጎማ ቀየሩ። አምባቸው የየመስኮቱን የአሉሚኒየም ፍሬም አጥቦ፣ ከግርጌው በውጭ በኩል ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች የዘጋውን ጭቃ በሽቦ ጠራርጎ መለሳቸው። ለመቀመጫና ለመኝታ የሚሆነውን ስፖንጅ ያገኙት እዚያው ቢውፎርድ ሃይዌይ ላይ ሊዘጋ ከነበረ ምግብ ቤት ነው፤ ከነአግዳሚው አንሱልን አሏቸው። ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸት ስለነበር ብዙ ቀን ፀሐይ ላይ ከረመ። ቀለሙም ከአንድ ደንበኛ የተረፈ ነው፤ ሰውየው ምን ዓይነት መኪና እንደነበረው እንጃ፣ ቀለሙ ግን ያልበሰለ ማንጎ ይመስል ነበር። «ነጻ ነው ጋሼ፤ የነጻ ፈረስ ጥርሱ አይቆጠርም» አለ አምባቸው።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ ሥራውም ይገዙን እንዲሁ ወሰደው። ዛሬ አንድ ብሎን ላጥብቅ ብሎ የወጣ ሰው መሽቶ ፊቱ በአቧራ ነጭ ሆኖ ይገባል። የፋይበርግላስ አቧራ ደግሞ ያሳክካል። ቀዝቃዛ ውሃ ቢያፈስበትም ማሳከኩ እሑድ ድረስ ይከተለው ነበር። አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ አንገቱን ሲፎክት፣ ክንዱን ሲፎክት፣ ጀርባውን ከግድግዳው ጋር ሲያሽ የተመለከቱ እናቶች ተጠቃቀሱ። ቅዳሴው እንዳለቀ አንዷ የሺን ጥግ አስይዘው በላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ሰጧት። «አይዞሽ፣ ለማንም አልናገርም። ጠዋት ጠዋት አጠጪው» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

የሺእመቤት ያን ጠርሙስ ይዛ ገብታ ባሏ ፊት አስቀመጠችው።

«ሰው ሁሉ መንፈስ ያዘው እያለ ነው።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እኔማ ምን እላለሁ? ይዞታል አልኩ። ጎተራ ይዞታል።»

ይህን ስትል ከንፈሯ ዳር ትንሽ ሳቅ ያየ መሰለው። እርግጠኛ አልነበረም። በዚያው ሳምንት ደግሞ የልብስ ስፌት መኪናዋን አውጥታ መጋረጃ ትሰፋ ጀመር። ለምን እንደሆነ ቢጠይቃት፣ «ልተኛባት አይደለም። መንገድ ዳር ራቁቷን ቆማ ጎረቤት አሳፈረችኝ» አለችው።

ይገዙ ግን ተስፋ ማድረግ ፈራ። የሚስቱን ፊት ማንበብ ያውቅበታል፤ በዚህ ጉዳይ ግን ፊቷ ዝግ ነበር። ልቧ፣ ባፈሰሰችና በተገላገልኩ ይል ይሆናል ብሎ ያስብ ነበር። መሐላ አለባት፤ ያ ሌሊት አለባት። ይህን ሲያስብ አይፈርድባትም፤ ግን ያዝናል።

ሥራው ባለቀበት ቅዳሜ እሱና አምባቸው ለብቻቸው ሞከሯት። አምባቸው ውስጥ ገባ፤ ይገዙ ከጣሪያ እስከ ጎማ ውሃ ለቀቀባት። አምባቸው ደረቅ መሐረብ እያውለበለበ ወጣ። «ጋሼ፣ ኖኅ ራሱ እንዲህ አልሠራም!» አለና ሳቀ፤ የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ሄርሜላም ሐይቁ ዳር ለካምፐር የሚሆን ቦታ ሬዘርቭ አድርጌያለሁ ብላ ቴክስት ልካ ነበር። የቀረው የየሺ ፈተና ነው፤ እሱም በሳምንቱ እሑድ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደገቡ የሺእመቤት ነጠላዋን አጥፋ፣ ጫማዋን ተጎታችዋ በር ላይ አውልቃ ገባች። ፊቷን ወደ ትልቁ መስኮት አዙራ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ይገዙ ቱቦውን ከፈተ። ከጣሪያው ጀመረ፤ ዝም አለች። ወደ ተጎታችዋ ወገብ ወረደ፤ ዝም። ልቡ ትንሽ ሞቅ ሲለው ወደ መስኮቱ አዞረው።

ትንሽ ቆይቶ ከውስጥ ግድግዳው ተንኳኳ።

ቱቦውን ጥሎ ሮጠ። ውሃው ከመስኮቱ የታችኛው ጠርዝ ሞልቶ፣ አዲሱን መጋረጃ አርሶ፣ ስፖንጁ ላይ እየወረደ ነበር። ጠብታ አይደለም፤ ወራጅ ነው። የሺእመቤት ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ ረጥቦ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ብትጮህበት በወደደ። አልጮኸችም። ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ በአጠገቡ አልፋ ወደ ቤት ገባች።

ይገዙ መስኮቱ ሥር ቆሞ ቀረ። ያ ሁሉ ቅዳሜ፣ ያ ሁሉ ማሳከክ፣ ያቺ ልጅ። ለሕይወት ምን እንደሚላት አሰበ። ከዚያ ሐዘኑ ንዴት ሆነና ስልኩን አነሳ።

«አምባቸው፣ ምን ዓይነት ሥራ ነው የሠራኸው? ሚስቴ ላይ ጎርፍ ለቀቅክባት እኮ!»

«እንዴ ጋሼ! አብረን ቼክ አድርገን የለም እንዴ? መሐረቤን አላዩም?»

«መሐረብህን ተወው! መስኮቱ ያፈስሳል።»

«የኔ ሥራ አያፈስስም» አለ አምባቸው ድምፁ ተቀይሮ። «ይጠብቁኝ፣ መጣሁ።»

መጣ፤ የእሑድ ልብሱን እንደለበሰ፣ ሳይስቅ። ይገዙ አምባቸውን ሳይስቅ ሲያየው የመጀመሪያው ነበር፤ በተናገረውም ያን ጊዜ አፈረ። አምባቸው ውስጥ ገብቶ የመስኮቱን ጠርዝ በጣቱ ነካ። ጣቱን አሻሸ።

«ጋሼ፣ ይሄ ውሃ አረፋ አለው።»

ወጣና በውጭ በኩል ተንበርክኮ የፍሬሙን ግርጌ አየ። በጥፍሩ ጫረ። ቢጫ ነገር ወጣ፤ አሸተተው።

«የልብስ ሳሙና ነው!» አለ። «ጋሼ፣ እነዚህ ቀዳዳዎች ለምን እንደተሠሩ ያውቃሉ? መስኮቱ የሚንሸራተትበት ቦይ ውስጥ ሁልጊዜ ውሃ ይገባል፤ ያ ውሃ በነዚህ ወደ ውጭ ይወጣል። ከተደፈኑ መሄጃ ያጣና ሞልቶ ወደ ውስጥ ይገለበጣል። አንድ ሰው ሁሉንም ጥቅጥቅ አድርጎ ደፍኗቸዋል። ማነው እንዲህ ያለውን ጉድ የሠራ?»

ይገዙ ያችን ቢጫ ሳሙና አየ። በቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ሳሙና የሚገዛው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሐበሻ ሱቅ ሄዳ፣ እየመረጠች። ያኔ ሱዳን ከአረም ሥራ ሲመለስ ድንኳኑ ከጥግ እስከ ጥግ ቢጫ በቢጫ ሆኖ ነበር ያገኘው። የሺ በሸራው ላይ ያየችውን ቀዳዳ ሁሉ በሳሙና አሽታ፣ በሳሙና ደፍና፣ ልብስ ማጠቢያ እንኳ አላስተረፈችም ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

«ማን ነው ጋሼ?» አለ አምባቸው።

«እኔ ነኝ» አለ ይገዙ።

«እርስዎ?»

«ለጥንቃቄ ብዬ ነው። ቀዳዳ አየሁ፣ ደፈንኩ። አንተንም በከንቱ ተናገርኩህ፤ ይቅር በለኝ።»

አምባቸው አፍጥጦ አየው። ከዚያ ያ ሳቅ ከሆዱ ተነሣ። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ ክራቫቱን ይዞ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ሳሙና! ሳሙና እኮ! እኔ ከነሱፌ ተንበርክኬ… ጋሼ፣ ይህን ለቤተ ክርስቲያናችን ማኅበር ሳልናገር ባድር ሆዴ ይፈነዳል!»

«ተናገር» አለ ይገዙ። በመንፈስ ተይዟል ተብሎ ነበር፤ ደንቆሮ ነው መባል ምን ይጨምርበታል?

አምባቸው ትከሻውን መታ መታ አድርጎት፣ ታርቆ፣ ገና እየሳቀ ወደ መኪናው ሄደ። መኪናው ከመንገዱ ሲወጣ ይገዙ ዘወር አለ። የማድ ቤቱ መስኮት ክፍት ነበር፤ የሺእመቤት ከመስኮቱ ኋላ ቆማለች።

ወጣች። ከፀጉሯ ላይ አንድ የፀጉር ሹካ እየነቀለች መጣችና አጠገቡ ቆመች።

«ለምን እኔ ነኝ አልክ?»

ይገዙ መሬት መሬት አየ። «እሱ አፉ ሰፊ ነው። ባንቺ ከሚስቅ በኔ ይሳቅ ብዬ።»

የሺእመቤት ተንበረከከችና በፀጉር ሹካዋ ሳሙናውን ከቀዳዳው ታወጣ ጀመር። እየጫረች፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

«እናንተ ከሞከራችኋት በኋላ መጋረጃውን ልሰቅል ስወጣ አየኋቸው። በየመስኮቱ ሥር ቀዳዳ! እነዚህ ወንዶች ሳያዩት ቀሩ ብዬ ደነገጥኩ። ብነግርህ ደግሞ ደክመሃል፤ አምባቸውም ይቀየማል። ዝም ብዬ ደፈንኩት።»

«እኔ ደግሞ» አለ ይገዙ ቃሉን እየፈለገ፣ «እኔ እኮ ብታፈስስ ደስ የሚልሽ መስሎኝ ነበር።»

አሁን ቀና አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቶት ነበር።

«አንተ ሰውዬ! እንዳታፈስስ አይደለም እንዴ የደፈንኩት? ለመሄድ አይደለም እንዴ? ልጅቷ እኮ እኔኑ ራሴን ጠየቀችኝ። ለፋሲካ ደውላ፣ ‹አያቴ፣ እኛ ጋ መተኛት ያስጠላሻል?› አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፌን አላውቀውም። እኔ እናቷን ይዤ ቆሜ ያደርኩ ሴትዮ፣ ያስጠላሻል ልባል?» ነጠላ ስላልያዘች እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ውሃው ሲገባ እኔ ላይ አይደለም የገባው፤ ልቤ ላይ ነው የገባው። በቃ፣ አልተፈቀደልኝም አልኩ።»

ይገዙ ጉልበቱ እየተንቋቋ አጠገቧ ተንበረከከ። ለካ አንዲቱን ነገር ሁለቱም ደብቀው፣ አንዱ ለሌላው ሲፈራ ከርሟል። ሳቁ መጣ፣ ሳቀ። እሷም በእንባዋ መሐል ሳቀች። ሁለት ሽማግሌዎች ድራይቭዌይ ላይ ተንበርክከው ከመስኮት ሳሙና ሲጭሩ ያየ ጎረቤት ምን እንዳለ እሱ ያውቃል።

የመጨረሻው መስኮት ላይ ሳሉ ሰማዩ ጠቆረ። የአትላንታ የበጋ ከሰዓት እንዲህ ነው፤ ፀሐይ ሲያነድህ ቆይቶ ድንገት ይገለብጠዋል። ነጎድጓዱ ሲያጉረመርም የሺእመቤት ወደ ቤቱ አየች። ከዚያ ወደ ተጎታችዋ አየች።

«ቱቦህን አንሳ» አለችው። «ዛሬ የዝናቡ ባለቤት ራሱ ይሞክራት።»

ገቡና በሩን ዘጉ። የረጠበውን ስፖንጅ ገልብጠው በደረቁ በኩል ጎን ለጎን ተቀመጡ። መጀመሪያ ጣሪያው ላይ ጠብ ጠብ አለ። ከዚያ ወረደ። የዱሉዝን መንገድ፣ የጎረቤትን ቤት፣ የራሳቸውን በር ሳይቀር የሚሰውር ዝናብ። የሺእመቤት እጇን ዘርግታ መዳፏን ከመስኮቱ ጠርዝ ሥር አደረገች፤ በሌላው እጇ የባሏን እጅጌ ጨብጣለች።

በቦዩ ውስጥ ውሃ ሲጠራቀም ሁለቱም አዩ። ከፍ አለ። እጅጌው ላይ ያለው እጅ ጠበቀ። ይገዙም በሆዱ፣ አንተ ያወጣሃት፣ ዛሬም አውጣት ይል ነበር። ከዚያ ውሃው ቆመ፤ ወደ ቀዳዳዋ አዘነበለ፤ በውጭ በኩል ቀጭን ሆኖ ይወርድ ጀመር። የተጠራቀመው ጎደለ። ሌላ መጣ፤ እሱም ሄደ።

የሺእመቤት መዳፏን ወደ ፊቷ አቅርባ አየችው። ደረቅ ነው። ጉንጯ ላይ አደረገችው።

«ይወጣል» አለች።

«ይወጣል።»

«በራሱ።»

«በራሱ። ማንም ቆሞ አይጠብቀውም።»

ለረጅም ጊዜ ውሃው ሲመጣና ሲሄድ ተመለከተች። ትከሻዋ ቀስ በቀስ ዝቅ አለ። እጅጌውን ለቀቀችው። «እስቲ ጎኔን ላሳርፍ» አለችና ራሷን ጭኑ ላይ አድርጋ ተጋደመች፤ ጥቂት ሳይቆይ ትንፋሿ ከበደ። ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበው የሺእመቤት ተኛች። ይገዙ ይህን ለማየት እበቃለሁ ብሎ አያውቅም ነበር። ተመስገን አለ በልቡ፤ ደግሞ ተመስገን አለ። ሌላ ቃል አላስፈለገውም።

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ጭኑን ሳያነቃንቅ በጭንቅ አውጥቶ፣ «ሄሎ» አለ በሹክሹክታ። ሄርሜላ ናት።

«አባዬ፣ እንዴት ሆነ? እማዬ ምን አለች? ለምንድን ነው የምታንሾካሹከው?»

«ተኝታለች።»

«የት?»

«እዚህ። ካምፐሩ ውስጥ።»

«ዌት፣ እኛ ጋ እኮ ዶፍ ነው። እናንተ ጋ አይዘንብም?»

«ይዘንባል እንጂ!» አለ ይገዙ፤ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። «ይዘንባል ልጄ። እየዘነበ ነው የተኛችው።»

ሄርሜላ አባቷ ለምን እንደሚያለቅስ አልገባትም፤ የሚያስለቅስ ነገር እንዳለ ግን ገባት። ከበስተኋላዋ የሕይወት ድምፅ ተሰማ። አያቴ ትመጣለች ወይ፣ ትመጣለች ወይ እያለች ትጨቀጭቃለች።

ይገዙ ወደ ጭኑ አየ። የሺእመቤት ዓይኗን አልገለጠችም፤ ከንፈሯ ግን ተንቀሳቀሰ።

«ትመጣለች በላት» አለች በእንቅልፍ ድምፅ። «እነሱ ሸራቸው ውስጥ ይደሩ። ልጅቷ ግን እዚህ፣ እኔ ጋ ነው የምትተኛው።»